ታሪክ ጎረቤት ሲያጋጭ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው አምስት ደብዳቤዎች ጭብጣቸው አንድ ነው፤ ያለፈው ነገር ዛሬ አብረው በሚኖሩ ሰዎች መካከል እንዴት እንደሚገባ ይጠይቃሉ። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

«በድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ መምህርት ነኝ። የጨለንቆን ጦርነት ባነሳሁ ቁጥር ክፍሉ ይታመሳል። አንዱ "በ1887 ነው" ይላል፣ ሌላው "በ1879"፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ከአያቷ የሰማችውን "1304" ትላለች። ክርክሩ ከዓመቱ ተነስቶ "እናንተ ናችሁ ያጠፋችሁን" ላይ ይደርሳል። ትምህርቱን ልተወው?»

አይተዉት፤ ክፍል ውስጥ ያልተማሩትን ከስልካቸው ይማሩታል፣ እዚያ ደግሞ የሚያርማቸው የለም።

ከዓመቱ ይጀምሩ። ሦስቱም ልጆች ትክክል ናቸው። የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ያሸነፈበት ጨለንቆ በእኛ አቆጣጠር 1879፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1887፣ በሒጅራ 1304 ነው። ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ይክፈሉና ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉበት። አንደኛው የግብፅ ጦር ሐረር የገባበት ነው፦ 1868፣ 1875፣ 1292። ሁለተኛው ግብፆች የወጡበት ነው፦ 1877፣ 1885፣ 1302። ሦስተኛው ጨለንቆ ነው። ሒሳቡንም ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ 7 ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ልጅ የግብፅን ጦር ወደ 1876 ይወስደዋል። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር አንድ ቋሚ ቁጥር መደመር ወይም መቀነስ አያዋጣም፤ በ0.97 አባዝተው 614 ሲደምሩ ወደ እኛ ዓመት ያደርስዎታል፣ ስህተቱም ከአንድ ዓመት እምብዛም አይበልጥም። ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ግን የሦስት ቤተሰብ ልጆች ያመጡት ቁጥር ሦስቱም ሰሌዳ ላይ እኩል ተጽፎ ስለሚታይ ክፍሉ ይረጋጋል፤ የአያቷን ቁጥር ያመጣችውም ልጅ ቀና ብላ ትቀመጣለች።

ሁለተኛው ሥራ ከጨለንቆ በፊት የነበረውን ማምጣት ነው። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ታሪኩ ከ1879 የጀመረ ስለሚመስል ነው። በራዑፍ ፓሻ የተመራው የግብፅ ጦር በ1868 ሐረርን ይዞ አሚር ሙሐመድን ገደለ፣ በዙሪያው ያለውን የኦሮሞ ገበሬም በጦር ኃይል አስገብሮ ዐሥር ዓመት ገዛ። ግብፅ ራሷ በእንግሊዝ ከተያዘች በኋላ ጦሩ ሲወጣ የሟቹ ልጅ አሚር አብዱላሂ ሥልጣን ያዙ። በእጃቸው የቀረው ጦር ጥቂት ነበር፤ ከባሕሩ በኩል እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ይሻሙ ነበር፤ ምኒልክ ደግሞ የዘይላንና የሐረርን የንግድና የመሣሪያ መንገድ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። በ1878 በኢጣሊያዊው ፖሮ የተመራ ቡድን በዘይላ መንገድ ላይ ባለችው ገልዴሳ አካባቢ ሲገደል ነገሩ ተፋጠነ። ይህን የሰማ ተማሪ ሐረር በ1879 በስንት ኃይል መካከል ተጨንቃ እንደነበረች ያያል፤ «አንድ ሕዝብ ተነስቶ ሌላውን ሕዝብ ወጋ» የሚለው ሥዕል አይበቃውም።

ሦስተኛው አነጋገሩን መግራት ነው። በክፍሉ ውስጥ «እኛ» እና «እናንተ» በዚህ ርዕስ ላይ እንዳይነገሩ አስቀድመው ይስማሙ። «የአሚሩ ጦር»፣ «የምኒልክ ጦር»፣ «የኦቦራ ኦሮሞ ገበሬ»፣ «የሐረር ነጋዴ» ይባል። ልጁ «ወራችሁን» ካለ አይቆጡት፤ «ማን? የትኛው ጦር? በማን ትእዛዝ?» ብለው ዓረፍተ ነገሩን እንዲያስተካክል ያድርጉት። ይህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ለእውነቱም ይበጃል። ከአሚሩ ጋር የተሰለፉት ሐረሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከምኒልክ ጋር የዘመቱትም ሁሉ አማራ አልነበሩም፣ የሸዋ ኦሮሞ ፈረሰኞች ነበሩባቸው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣውን ግን እንዳያለሰልሱት። ውጊያው አጭር ነበር፤ ያስከተለው ሥርዓት ግን ወደ ዘጠና ዓመት ቆየ። በራስ መኮንን አስተዳደር ወታደሩ በገበሬው ላይ ተመደበ፤ ገበሬው እህል ሰፍሮ፣ እንጨት ፈልጦ፣ ጉልበቱን ገብሮ ባለሥልጣኑን ያኖር ነበር። መሬቱ እየተለካ ለሹመኛ፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። በዚህ የተነሳ የአላና የኦቦራ ገበሬ ልጅ የሚያስታውሰው የመሬቱን ነገር ነው፤ የሐረሪው ልጅ የሚያስታውሰው የመንግሥቱን መጥፋት ነው፤ ቅድመ አያቱ ከሸዋ በእግሩ መጥቶ እዚሁ የተቀበረ ልጅ ደግሞ አገር የጠበቀ ወታደር ይታየዋል። ሦስቱም በዘመኑ የነበሩ ነገሮች ናቸው። የገባርነቱ ሕጋዊ ፍጻሜ የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። እዚያ ድረስ ሳይደርሱ ትምህርቱን ቢያቆሙ ልጆቹ ቁስሉን ይዘው ይወጣሉ።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለመጨረስ አይሞክሩ፤ 40 ደቂቃ ለሰሌዳውና ለግብፅ ዘመን ብቻ ነው የሚበቃው፣ ጨለንቆና ገባርነቱ ሌላ ቀን ይፈልጋሉ። ሁለተኛው፣ የክርክር ውድድር አያዘጋጁ። ክርክር አሸናፊ ይፈልጋል፤ «ደጋፊ» ሆኖ የተመደበው ልጅም ከክፍል ሲወጣ ያንኑ ወገን ይዞ ይቀራል። በዚያ ፈንታ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው ይስጡት፦ የጀጎል ነጋዴ፣ የአላ ገበሬ፣ የሸዋ ወታደር፣ ከዘይላ ግመል የሚነዳ ሶማሌ። በ1875፣ በ1880 እና በ1900 (ሁሉም በእኛ አቆጣጠር) ይህ ሰው ግብር ለማን ይከፍላል? ዕቃውን የት ይሸጣል? ምን አጣ፣ ምን አገኘ? አንድ ገጽ ጽፈው ያምጡ። ቡድኑን ሲመድቡ ልጁ ከራሱ ቤተሰብ ሌላ የሆነው ይድረሰው።

«ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር ይባላል። እውነት ነው? ድሬዳዋ "የፍቅር ከተማ" የሆነችውስ በባቡሩ ነው?» (ከገንደ ቆሬ)

የመጀመሪያው እውነት ነው። በ1886 የተሰጠው ፈቃድ መስመሩን ከጅቡቲ ሐረር ያደርስ ነበር። ነገር ግን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆላው ወደዚያ ሐዲድ ማውጣት ኩባንያው የማይችለው ወጪ ሆነበት። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ቆመ። ባቡሩ ታኅሣሥ 1895 ደረሰ፤ ከተማዋ በዚያ ተወለደች፣ «አዲስ ሐረር» ተብላም ነበር። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተክቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

ስለ ፍቅሩ ስንመልስ፣ ባቡሩ ሰው ሰበሰበ እንጂ አላቀላቀለም። ከዚራን ኩባንያው በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ለራሱ ሰዎች ሠራ፤ መጋላ ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በራሷ አደገች። አሸዋማው ወንዝ ሁለት የተለያየ ኑሮ ያላቸውን ሰፈሮች ይለይ ነበር። ለዘመናት የዘይላ ቅፍለት መንገድ ሰው ይመግብ ነበር፤ ነጋዴው በሚያልፍበት ምድር ከአገሩ ሰው «አባን» ይይዛል፣ አባኑም ክፍያውን ተቀብሎ ለነጋዴው ነፍስና ዕቃ ዋስ ይሆናል። ገልዴሳ ሲደርስ ጭነቱ ከኢሳ ሶማሌዎች ግመል ወርዶ በኦሮሞዎቹ አህያና በቅሎ ወደ ደጋ ይወጣል። ባቡሩ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆረጠው፤ ሐዲዱ ሲዘረጋ ኢሳዎች ሠራተኞቹን ያጠቁ የነበረውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መቀላቀሉ የመጣው ቀስ እያለ ነው፤ በሼማንደፈር (በባቡሩ ድርጅት) ጥገና ክፍል ጎን ለጎን ሲሠራ፣ በከፊራ ገበያ በሦስት ቋንቋ ዋጋ ሲጠራ፣ ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲያድግ። የሥራ ቦታው ሲዳከም ያም እንደሚሳሳ ድሬ ባለፉት ዓመታት አይታዋለች። «የፍቅር ከተማ» ማለት ደስ ይላል፤ የሚጠብቃት ግን ሥራውና ገበያው ነው።

«ጀጎል ውስጥ በቀበሌ ቤት ከ40 ዓመት በላይ ኖረናል። ቤቱ የሐረሪ ጥንታዊ ቤት ነው። የቀድሞ ባለቤቶቹ ዘመዶች ከአዲስ አበባም ከውጭም ይመጣሉ፣ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ባለፈው አንዲት አሮጊት ነደባው (በቤቱ ውስጥ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ) ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ልጆቼ "ሊያስወጡን ነው" ብለው ይሰጋሉ። ግድግዳውም እየተላጠ ስለሆነ በሲሚንቶ ልለስነው ብል የግቢው ሰዎች ተቆጡኝ። ታሪኩንም መላውንም ንገሩኝ።»

በታሪኩ እንጀምር፣ ምክንያቱም እርስዎም እኒያ እናትም የማታውቁትን እያሰባችሁ እየተሳቀቃችሁ ነው።

ሐረሪዎች ከጀጎል የወጡት በአንድ ጊዜ አይደለም። አንዱ ትልቅ መፍለስ በ1940 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት አራቱ ኃያላን መንግሥታት የቀድሞ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛቶችን ዕጣ የሚያጣራ ኮሚሽን ሞቃዲሾ ልከው ነበር፤ ከሐረር የሄዱ ሰዎች አቤቱታ አቀረቡለት። ይህ የቁሉብ ንቅናቄ የሚባለው ነው። መንግሥት ሰዎችን በብዛት አሰረ፣ ንብረት ወረሰ፤ ብዙ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተነ። ሁለተኛው ሐምሌ 1967 የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተደረገ፤ ሌላው ሁሉ ያለ ካሣ የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ሐረሪ ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ ለወላጅ፣ ለወንድም፣ ለተዳረ ልጅ ጎን ለጎን ቤት የሚሠራ ሕዝብ ስለሆነ፣ አዋጁ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱን ቤት ለባለቤቱ ትቶ ሁለቱን ለባዕድ ተከራይ ሰጠ። ዛሬ በአንድ ቧንቧና በአንድ መግቢያ የሚጨቃጨቁ ብዙ ግቢዎች ጠባቸው ከዚያ ቀን የመጣ ነው።

ስለዚህ ቤቱን የወሰደው መንግሥት ነው፤ እርስዎ ቤት አጥተው ተመዝግበው ተከራዩ። እኒያ እናት ያለቀሱት ደግሞ ምናልባት የተዳሩበት ቤት ስለሆነ ነው። እንግዶች ሲመጡ በር ላይ አያቁሟቸው። ቡና ያፍሉ፤ ፎቶ ማንሳት ቢፈልጉ ይፍቀዱ፤ የማን ክፍል የትኛው እንደነበር ይጠይቋቸውና ይጻፉት። ማየት ማስለቀቂያ አይሆንም። የኪራይ ውልዎንና የከፈሉበትን ደረሰኝ በዓመት በዓመቱ አስረው ያስቀምጡ፤ ስለ ይዞታው የሚጠይቅ ካለ ወደ ቤቶች አስተዳደሩ ይምሩት፣ እርስዎ ቃል አይግቡ፣ ወረቀትም አይፈርሙ።

አሁን ወደ ግድግዳው። ጎረቤቶችዎ ልክ ናቸው። የጀጎል ቤት ግድግዳ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ነው፤ ከመሬትም ከጣሪያም እርጥበት ይስባል፣ በላዩ በኩል ደግሞ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። መጀመሪያ ጥሩ ይመስላል፤ ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ከሥሩ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ከዚያ እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ሲወድቅ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። በሲሚንቶው ጀርባ የሚበሰብሰው የወራጅ እንጨቱ ጫፍ ደግሞ ጣሪያውን ያወርደዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የተሰበረ የጣሪያ አሸንዳ ወይም ከግድግዳው ሥር የተቆለለ አፈር ነው። እሱ ሳይስተካከል ልስን ማደስ ገንዘብ መጣል ነው። ከዚያ የለቀቀውን ብቻ በእጅና በእንጨት ያራግፉ፣ በመዶሻ አይምቱ። ቦታውን በውኃ ያርጥቡ። ጭቃውን ከተከተፈ ጭድ ጋር አቡክተው ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ያቆዩት፤ ሳይብላላ የተለጠፈ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በአንድ ጊዜ ከ2 ሳንቲ ሜትር አያስበልጡ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ይደርቡ። በመጨረሻ የጠፋ ኖራ በውኃ አቅጥነው ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡት። የፕላስቲክ ቀለም እንደ ሲሚንቶው ግድግዳውን ያፍነዋል። ኖራ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች ይራቁ፣ የሚቀባውም ሰው መነጽርና ጓንት ያድርግ።

ነደባዎቹን አይንኩ፤ ቦታ ለማስፋት ያፈረሷቸው አሉ፣ እሱ ግን የማይመለስ ነው። ከፍታቸው የተለያየው በምክንያት ነው፦ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው አሚር ነደባ የአባወራውና የትልቅ እንግዳ ነው፣ ጊዲር ነደባ ሰፊው መቀመጫ ነው፣ ጢት ነደባ ትንሹ። ወለሉና የነደባው ጠርዝ የሚቀባው ቀይ አፈር በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይላሉ ሐረሪዎች። ደብዝዞ ከሆነ የግቢውን እናቶች ይጠይቁ፤ አፈሩን ከየት እንደሚያመጡና እንዴት እንደሚቀቡት ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ ለእርስዎም ጥሩ የመታረቂያ ቀን ይሆናል። ጀጎል ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለሰፈረች ከልስን ያለፈ ሥራ፣ ማለትም መስኮት ማስፋት፣ በር በብረት መቀየር፣ ፎቅ መጨመር፣ ቅድሚያ የቅርስ ጽሕፈት ቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል።

«አያቴ በ1969 ድሬዳዋ ስትመታ ያዩትን ሁሉ ያስታውሳሉ። ልቀዳቸው እፈልጋለሁ። ግን ሲተርኩ ስለ ሶማሌዎች መራራ ነገር ይላሉ፣ የቅርብ ጓደኛዬ ደግሞ ሶማሌ ነው፣ እሱም የእናቱን እናት መቅዳት ይፈልጋል። እንዴት ብናደርግ ይሻላል?»

ሁለታችሁም ቅዱ። መጀመሪያ ግን የጦርነቱን መስመር እወቁ። የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ያጠቃው በነሐሴ 1969 ነው፤ ከተማዋ አልተያዘችም። ሐረር ለወራት ተከባ ቆየች። በካራማራ ድል ጅጅጋ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። በ1956ም ከሶማሊያ ጋር የድንበር ጦርነት ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። «ጃንሆይ ነበሩ ወይስ ደርግ?» ብሎ መጠየቅ ይለየዋል። በተጨማሪ የሞቃዲሾ መንግሥት ጦር ሌላ ነው፣ ድሬ ተወልዶ ድሬ የሚኖረው ኢሳና ጉርጉራ ሌላ ነው። የጓደኛህ አያት በዚያ ነሐሴ ከከባድ መሣሪያው እንደ አያትህ ተደብቀው ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በጥርጣሬ ዓይን ይታዩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ሁለቱም ቅጂ የሚያስፈልገው።

አያትህን ብቻቸውን ቅዳ። ጎረቤት ወይም ታላቅ ወንድም አጠገብ ካለ እሱ ያርማል፣ እሳቸው ዝም ይላሉ። ስልኩን በአውሮፕላን ሁኔታ አድርገህ ከአፋቸው በአንድ ስንዝር ተኩል ርቀት ጨርቅ ላይ አስቀምጠው፤ ባዶ ጠረጴዛ የሲኒ ድምፅ ያስተጋባል። ቬንትሌተሩን አጥፋ። ይህ በድሬ ሙቀት ከባድ ስለሆነ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አድርገው። ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆይ፤ ሌላ ቀን ትመለሳለህ። በሚመቻቸው ቋንቋ ይናገሩ። የጓደኛህ አያት በሶማሊኛ ያዩትን በአማርኛ ተናገሩ ቢባሉ የሚወጣው ግማሹ ነው።

ከጦርነቱ አትጀምር። የትኛው ሰፈር፣ ከማን ጋር፣ ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንደነበረው ጠይቅ። ከዚያ «ያን ቀን ጠዋት ምን እየሠሩ ነበር?» በል። «ሶማሌዎቹ ምን አደረጉ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ አይጠቅምም። መራራ ቃል ሲናገሩ አትከራከራቸው፣ አታቋርጣቸውም፤ ሲጨርሱ ግን «ያንን በዓይንዎ አዩት ወይስ ሰሙት?» በል። ይህ አንድ ጥያቄ ምስክርነትን ከወሬ ይለያል፤ ቀጥሎ ደግሞ «በዚያን ጊዜ የረዳዎት ጎረቤት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሌላ ብሔር ሰው ስም የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ዓመት ሲጠፋባቸው በታወቀ ነገር አስጠጋው፦ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው? ከአብዮቱ በፊት ነው? የበኩር ልጅዎ ተወልዶ ነበር? ከ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ በፊት ነው? ዕድሜ በሒጅራ የሚቆጥሩ ሰው ካሉ 66 ዓመታቸው በእኛ 64 ነው። አንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ መመለስ አምስት ስድስት ሰዓት ይበላል፤ ያንን ካልቻልክ በየ5 ደቂቃው የተነሳውን ነገር በአንድ መስመር ብቻ መዝግብ። ፋይሉን በዕለቱ ስም ስጠው (ሰፈር፣ ቀን፣ ተራ ቁጥር)፣ በሦስት ቦታ አስቀምጠው። ስማቸው ይጻፍ አይጻፍ፣ ማን ይስማው የሚለውንም በራሳቸው ድምፅ መጀመሪያ ላይ ይናገሩ። በሕይወት ያለ ሰው በስም ከተከሰሰበት ያንን ክፍል ለማንም አታጋራ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ደግሞ ፈጽሞ። ሁለታችሁ ቅጂዎቻችሁን ተቀያይራችሁ ከመስማታችሁ በፊት የሁለቱንም አያቶች ፈቃድ ጠይቁ።

«በሳቢያን አዲስ እድር ልናቋቁም ነው። ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ አማራ፣ ጉራጌ፣ ሐረሪ አለን፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም። ከዚህ በፊት የነበረው ሁለት ቦታ ተከፈለ። መተዳደሪያ ደንባችን ላይ ምን እንጻፍ?»

እድር በሃይማኖት ክርክር የሚፈርስ ይመስላል፤ የሚያፈርሰው ግን ድስትና ሰዓት ነው። ልምዱ ራሱ የተለያየ ነው የመጣው። ሐረሪዎች ለሠርግም ለለቅሶም የሚያገለግለውን፣ የወንዶቹና የሴቶቹ ለየብቻ የሆነውን አፎቻ ያውቃሉ፤ ሌላው ለቀብር የተቋቋመ እድር ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እድራችሁ ሠርግ ይጨምር አይጨምር፣ ሴቶች በራሳቸው ስም አባል ይሁኑ ወይስ በባል ስም፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ ይወሰን። በራሳቸው ስም ይሁኑ እንላለን፤ በባል ስም ሲሆን ባል ሲሞት ሚስቲቱ አባልነቷን ታጣለች፣ ያኔ ነው የሚያስፈልጋት።

ሙስሊም የሚቀበረው በሞተበት ቀን ነው፤ ክርስቲያን ዘመድ እስኪመጣ ሊቆይ ይችላል። ባንክ በእሑድ ዝግ ነው። በመሆኑም የአንድ ቀብር ወጪ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ ሁልጊዜ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፣ አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን፤ በየወሩ ተቆጥሮ ይፈረምበት። ጥሪ የሚያደርሱ ሰዎች በየመንገዱ ይመደቡ፤ ለሙስሊም ቀብር ከሁለት ሰዓት በላይ ማስጠንቀቂያ ላይኖር ስለሚችል በዚያ ቀን ለቀረ አባል የሚጣለው ቅጣት ቀለል ይበል፣ ለለቅሶ ቤት መቅረት ግን በሁሉም ላይ እኩል ይሁን።

ድንኳኑ፣ ወንበሩና የውኃ በርሜሉ የጋራ ነው። ድስትና ሳህን ግን ሁለት ስብስብ ይግዙ፤ በቀለም ምልክት ተለይቶ በተለያየ መደርደሪያ ይቀመጥ፣ የመጋዘኑ ጠባቂም በአንድ ደብተር ላይ አስፈርሞ ያውጣው። ከዚያ የተሻለው መፍትሔ ግን በድንኳኑ ውስጥ ሥጋ አለመኖሩ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ድንችና ሰላጣ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመውም ለሌላውም ይሆናል፣ ወጪውም ይቀንሳል። በረመዳን የቀን መስተንግዶውን ክርስቲያኖቹ ይያዙት፣ በሁዳዴም ሙስሊሞቹ ከበድ ያለውን ሥራ ይውሰዱ፤ ተራው ደብተር ላይ ይጻፍ።

ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ቢጻፍ ይሆናል፤ ውሳኔዎቹ ብቻ በስብሰባው መጨረሻ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይነበቡ። አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ይህ ሲቀር «እኛ ሳናውቅ መዋጮ ጨመሩ» የሚል ቅሬታ ይነሳል። ሊቀመንበር በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ በተከታታይም ከአንድ ወገን አይሁን። ከአባልነት የሚወጣ ሰው ከከፈለው ምን ያህሉ እንደሚመለስለት፣ እድሩ ቢከፈልም ዕቃው እንዴት እንደሚከፋፈል አሁን ሁላችሁም በሰላም ባላችሁበት ጊዜ ጻፉት፤ የቀድሞው እድር ድንኳኑን ማን ይውሰድ ብሎ ሸንጎ ከቆመ እናንተም ከዚያ ትማሩበታላችሁ። ደንቡ በወረዳው ከተመዘገበ በኋላ አንድ አንድ ቅጂ ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ይሰጥ።